መርዶ ያደረበት ቤት

ጎረቤቴ ትርንጎ ሐሙስ ዕለት ልብስ ስታሰጣ ያወራችኝን ለማንም አትንገሪ ብላ አስምላኛለች። እንግዲህ ሆዴ ካልቻለ ምን ላድርግ! በጦርነቱ ጊዜ፣ የእህቷ አገር፣ መኪና የማይገባበት ቆላ ውስጥ የሆነ ነው።

ጌጤነህ የሚባል ወታደር አስራ አምስት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ወደ ቤቱ ወደ ጭልጋ ሲሄድ ነው። ሚስቱ ማሬ እሱ ምሽግ ሳለ ነው የወለደችው፤ ልጁን አንድም ቀን አላያትም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መድፍ ሲያጓራ፣ ምን ታህል ይሆን እያለ ባዶ ክንዱን ሲያቅፍ የኖረ ሰው። ግን መንገዱ ላይ አደራ ነበረበት። ጓደኛው አምባው አጠገቡ ሲወድቅ ማተቡን በጥሶ «ለእናቴ» ብሎታል።

እዚያ ቆላ መንደር ሲደርስ፣ የአምባው እናት እትዬ ዘርትሁን ደጅ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኛት። ቀና ብላ አየችውና «አምባዬ! መጣህልኝ?» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ዓይኗ ደክሟል አለ በልቡ። መርዶ ደግሞ እንዲሁ ደጅ ላይ አይወረወርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ነገ ይነገራታል ብሎ ዝም አለ። ዝም ብሎ እግሩን ታጠበ፣ ዝም ብሎ ጉርሻዋን ዋጠ። አይ ሞኝ! በሰው ስም ይጎረሳል?

ቤቱ መስኮት የለውም። በሩ ሲገጠም ቀኑ እዚያው ደጅ ይቀርና፣ የጭሱ፣ የአይጡና ስንት ዘመን ያልተከፈተው ሣጥን ሽታ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ከላይ ምስጡ ማገሩን ቅርት፣ ቅርት ያደርገዋል፣ ልክ ምሽግ ሊደረመስ ሲል አፈሩ እንደሚረግፈው።

ጠዋት ሲነቃ ቦት ጫማው የለም። «አጥቤ አሰጣሁት» አለችው። የደንብ ልብሱም የለም፤ በቦታው የአምባው ሱሪ ተቀምጧል። ለበሰው፣ ልክ ሆነው። የፈቃድ ወረቀቱን ሲፈልግ ምድጃው ውስጥ ጥጓ ብቻ የተረፈች ጥቁር ነገር አየ። ያኔ አንገቱን በላው። ሲዳብስ፣ ቦርሳው ታች የደበቀው የአምባው ማተብ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ ቋጠሮው በጥርስ የጠበቀ ነው፣ ገና ርጥብ።

«እትዬ፣ ስለ አምባው የምነግርዎ…»

«እማዬ በለኝ» አለችው ሳቅ ብላ፤ በዚያ ፍም ብቻ በሚያበራው ጨለማ ውስጥም ክሩን ባንዴ መርፌው ቀዳዳ ሰደደችው።

ጌጤነህ ብድግ አለ። ሮጦ በሩን ገፋ። በውጭ ተቀርቅሯል። ጆሮውን ቢያስጠጋ፣ ከሳንቃው ወዲያ ብዙ እግር አቧራውን እየጎተተ ቀስ ብሎ ቤቱን ይዞራል፤ የሰዎቹ ትንፋሽ ልክ እንደ ከብት ይሰማል፤ አንዳንዴም አንዱ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ «አምባው… አምባው…» ይላል።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተ፤ የመንደሩ ሴቶች እየተጋፉ ገቡ፣ በሩንም ሞሉት። «እንኳን ደስ ያለሽ ዘርትሁን! እንኳን ለዚህ አበቃሽ!»

«ኧረ በማርያም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ አምባው አይደለሁም! አምባው ሞቷል፣ በእጄ ነው የቀበርኩት! ቤቴ ልሂድበት፣ ልጅ አለችኝ፣ ሚስቴ… ሚስቴ…» ስሟን ፈለገው። ምላሱ ላይ አልመጣ አለው።

እትዬ ዘርትሁን ከመርፌዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«ተዪው፣ መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለች አንዷ። ሌሎቹ ሳቁ።

የዘርትሁን የልብ ጓደኛ ውድነሽ ግን አልሳቀችም። ከኋላዋ ልጇ ቆሟል፣ ያጠረ ሱሪ የለበሰ ረጅም ሰው፣ ዓይኑን መሬት የተከለ። ሴቶቹን ገፋ አድርጋ ጌጤነህ ፊት ቆመችና፣

«ምን ያስጮህሃል? ጭልጋ፣ በአንተ ስም ቤትህ የገባው ወታደርስ፣ ይኸው ሁለት ወሩ፣ ልጅህን ታቅፎ አርፎ ተቀምጦ የለም?» አለችው።