የሙከራ እንቅልፍ

«ሻይ ላፍላልሽ?» ብለው ጮኹባት፣ የቤቱ ባለቤት አሮጊት። ሚጢጢ ማዶ የተቀመጠች ይመስል ነበር አጯጯሃቸው፤ እሷ ግን አጠገባቸው ናት፣ ጉልበታቸው ጉልበቷን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ሚጢጢ ደንግጣ ወደ ጓዳው በር አየች። ከበሩ ጀርባ አባቷ ተኝቷል፤ መተኛት ነበረበት። «አልፈልግም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች በሹክሹክታ። አሮጊቷ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልሽ?» አሉ። ደግማ ልትናገር ስትል አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ሊወጣ ማርሽ ቀየረና ቃሉን ከአፏ ነጠቃት። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንኳኩ። አሮጊቷ ግን ዝናብ እንደሚያሳልፍ ሰው አፋቸውን ዘግተው ጠበቁ። መኪናው ሲርቅ «እህ፣ አሁን ንገሪኝ» አሉ፤ ያው በጩኸት።

ሚጢጢ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ስትወለድ ከመጠን በላይ ትንሽ ስለነበረች የወጣላት ነው። አሁን በአሥራ አራት ዓመቷ እናቷን በቁመት በልጣት እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ዛሬ ትምህርት የለም፤ እዚህ የመጣችውም ለጨዋታ ሳይሆን ለስለላ ነው። የላከቻት ደግሞ እናቷ ናት።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ደህና ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሳያጥብ አይቆርጥም። ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ለባሿን ያሳፍራል፣ ሰፊዋን ያሰድባል። እናቷ ይህን ሕግ ከጨርቅ አልፋ በሁሉም ነገር ላይ ትሠራበታለች። ጫማ ስትገዛላቸው ሻጩ ፊት ታስሮጣቸዋለች። ጃንጥላ ስትገዛ ባልዲ ሙሉ ውኃ አስፈስሳበታለች፤ ባለሱቁ እስከ ዛሬ ሲያያት ፊቱን ያዞራል። ታዲያ ቤት ሳትሞክር ልትገዛ ነው?

ቤቱ ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነውም ዋናው መንገድ አፍንጫው ሥር ስለሚያልፍ ነው። ለእናቷ ይህ ሲሳይ ነበር፤ ወደ መንገዱ የሚከፈተው የፊት ክፍል ሱቅ ይሆናታል። አባቷ ግን ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ። ስለዚህ እናቷ «ከሥራ ወጥተህ አንድ ቀን እዚያ ትተኛለህ፣ ከዚያ እንወስናለን» ብላ ቆረጠች። አሮጊቷም ፈቀዱ። ደላላው ግን «ይሄን ሁሉ ዘመን ስደልል ቤት በእንቅልፍ ሲለካ አይቼ አላውቅም» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አብረሽው ሂጂ» አለቻት እናቷ ሚጢጢን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ። «አባትሽን አውቀዋለሁ። ሞቶ እንኳ ቢጠይቁት ‹ደህና ነኝ› ነው የሚለው። አንቺ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ሌላ ምርጫ ቢኖር ሚጢጢም እንዲህ ባልጨነቃት። አከራያቸው ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ክፍሎቹ ለሙሽሮቹ ይፈለጋሉ፣ ወሩ ሲያልቅ ልቀቁ ተብለዋል። ደግ ሰው ስለሆኑ የሚጣሏቸው እንኳ አልሆኑም። ሌላ የሚከራይ ቤት ሲጠይቁ ደግሞ ሁሉም በሩን ከፍቶ ይሰማና ቀኑን ሙሉ ስለሚንኳኳ የስፌት ማሽንና ቀን ስለሚተኛ አባወራ ሲነገረው ፊቱ ይቀየራል። «ማሽኑ እኛን ይረብሻል፣ እኛ ደግሞ እሳቸውን እንረብሻለን» ብሎ የመለሳቸውም አለ፤ ሰውየው ደግሞ አልተሳሳተም።

አሮጊቷ ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ ሚጢጢ የጓዳውን በር በቀስታ ገፋ አደረገችው።

አባቷ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል። ዓይኖቹ ፈጥጠው ጣሪያውን ያያሉ፤ ከሥራ እንደወጣ ነውና ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት እንኳ አልረገፈም። ከውጭ የአንድ መኪና ፍሬን ሲጮህ የእግሩ ጣቶች ጭብጥ አሉ። ሲያልፍ ተፈቱ። ሌላ መጣ፣ እንደገና ጭብጥ አሉ። ቤታቸው የእናቷ ማሽን ከራስጌው ሲንኳኳ እያንኮራፋ ይተኛል፤ የማሽን ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፣ ይለመዳል። የመንገዱ ግን መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ፊቱን ሲያዞር አያት። ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ፤ ከመኝታ ሰዓት በኋላ ሲጫወት እንደተያዘ ልጅ። ሚጢጢ በሩን ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ተሰናብተው ሲወጡ አባቷ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ነበር፤ ዓይኖቹ ግን ቀልተዋል። ጥቂት ሄደው «እንደ ድንጋይ ተኛሁ» አለ።

«አባዬ…»

«አይተሽኛል። አውቃለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጆሮ እኮ ይለምዳል። ሴትየዋ ለምደው የለ?»

«እሳቸው አልለመዱም፤ አይሰሙም እኮ።»

አባቷ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ጠፋበት። መንገዱን ለመሻገር ቆሙ። መኪናው ማለቂያ አልነበረውም።

«እናትሽ ካገባኋት ጀምሮ ማሽኗን ስታነሳና ስታስቀምጥ ነው የኖረችው» አለ። «አንዴ ኮሪደር፣ አንዴ አልጋ ሥር። ያን የፊት ክፍል ስታይ ልብ ብለሻታል?»

ልብ ብላታለች። እናቷ ምንም ሳትናገር ከአንገቷ ሜትሯን አውርዳ መስኮቱን ለክታ፣ ከዚያ ሰው እንዳያት ስታውቅ አፍራ መልሳ ጠቀለለችው።

«እጅህስ?» አለች ሚጢጢ።

አባቷ እጅጌውን ወደ ታች ሳበው። ባለፈው ዓመት ጎረቤት ፎቅ ሲሠራ ሰንብቶ እንቅልፍ ባጣ ጊዜ፣ ምድጃው ፊት ቆሞ አንቀላፍቶ ክንዱ የጋለው የብረት በር ላይ አርፎ ነበር። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ቀርቷል። ታናሽ ወንድሟ ሲጠይቀው «ዳቦው ነከሰኝ» ነው ያለው።

«እሱ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው» አለ አሁን።

«ልዋሻት ነው የምትለኝ?»

«ማን ዋሺ አለሽ? እኔ እናገራለሁ። አንቺ ዝም በይ። ዝም ማለት ምን ይከብዳል?»

ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል ማለት እንዲህ ነው ስትል ሚጢጢ አሰበች። ብትናገር የእናቷን ሱቅ ትዘጋለች፣ ገና ሳይከፈት። ዝም ብትል አንድ ቀን አባቷ ከዳቦ ቤቱ በራሱ እግር አይመጣም። ተናደደች፤ በመኪናው፣ በደላላው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሁለቱ ወላጆቿ። ለምን እኔ? ትልቅ ሰዎች እነሱ አይደሉ?

ቤት ሲደርሱ ታናሽ ወንድሟ በሩ ላይ ጠበቃቸው። «ፋዘር፣ ቤቱ አሪፍ ነው አሉ! ከመስኮት መኪና እንቆጥራለን በቃ!»

«ትቆጥራለህ» አለ አባቷ። «እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት።» እናታቸውን ሳያይ ነው ያለው። ከዚያ ልብሱን ሊቀይር ወደ ውስጥ ገባ።

እናቷ በከንፈሮቿ መሃል ስፒሎች ይዛ የሰው ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ተኝቷል?» አለች።

ሚጢጢ እናቷን አየቻት። እናቷ የባሏን ዓይን አይታለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ የተጣመመ ነገር ከሩቅ ይታያታል። መልሱን ታውቀዋለች። የምትጠብቀው እውነቱን ሳይሆን፣ የምትይዘው አንድ ቃል ነበር። «ተኝቷል» ከተባለች ነገ ቁልፉን ትቀበላለች፣ ማንም አይወቅሳትም። ሁለቱም ያንኑ ቃል ከሷ ይፈልጋሉ።

«አልተኛም እማዬ» አለች። «ዓይኑን አልከደነም። ስገባ ስላየኝ ነው የከደነው።»

እናቷ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ተኝቷል ብትይኝ ምን ነበረበት» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ቆይታ ደግሞ፣ «አይ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። የላክሁሽ እኔ።»

ስልኳን አንስታ ለደላላው ደወለች። «ይቅርብን» አለችው። የደላላው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ፤ ነገ ሌላ ሰው ቤቱን ያነሳዋል፣ አልቅሳችሁ ትመጣላችሁ ይላል። «ያንሳው» አለች እናቷ።

አባቷ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሁልጊዜ ወደ ሥራ ሲወጣ «ምን ዓይነት ዳቦ ላምጣላችሁ?» ይላል፤ የዚያን ምሽት ምንም ሳይጠይቅ ወጣ። ሚጢጢ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች። ከዚያ ደግሞ ክንዱን አሰበችና፣ ነገም ቢጠይቋት የምትለው ያንኑ እንደሆነ አወቀች። ይህ ግን አላጽናናትም።

ወሩ አለቀ፤ ቤት አልተገኘም። የተገኘው መበታተን ነው። እናትና ልጆች የሚጢጢ አክስት ዘንድ ይገባሉ፣ ሳሎን ውስጥ። ለማሽኑ እዚያ ቦታ ስለሌለ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጎረቤት ይቀመጣል። ለአባቷ ዳቦ ቤቱ የዱቄት መጋዘን ውስጥ፣ በጆንያዎቹ መሃል ቦታ ሰጥተውታል። «እስኪያልፍ ነው» ይላል። መቼ እንደሚያልፍ ግን ማንም አልተናገረም።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት አባቷ ከሥራ መጥቶ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ባልታሠረው ብቸኛ ፍራሽ ላይ ወደቀ። እናቷ በእግሯ ጣቶች እየሄደች ሳህኖቹን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ወንድሟ አንድ ድስት ሊጥል ሲል በሆዱ ያዘው፤ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋቱ ብቻ ነበር።

ሚጢጢ በመስኮቱ አከራዩ ግቢውን አቋርጠው ሲመጡ አየች። ሳያንኳኩ ልትደርስባቸው ሮጣ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ በቀስታ ገጠመችው።

«ጋሼ፣ አባዬ ተኝቷል።»

አከራዩ ወደ ውጭው በር ጠቆሙ። «የሙሽሮቹን ዕቃ የጫነው መኪና እኮ ቆሟል የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ትንሽ ይተኛ።»

አከራዩ ወደ መኪናው ዞር ብለው አዩ። ከዚያ መኪናው ዘንድ ላሉት ሰዎች ምን እንደሚሉ ያልገባቸው ይመስል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ሚጢጢ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች።