ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት በገባ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሀገሩን በሙሉ ዘጋ፤ በጆሃንስበርግ ዙሪያ ከቴምቢሳ እስከ ክሊፕታውን የታክሲው ጡሩምባ ጸጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ከደጁ እንዳይወጣ ታወጀ፤ ወታደሩም ከፖሊስ ጋር በየሰፈሩ ተሰማራ።

በዚያን ጊዜ በከተማዋ ዳር ባለው በአይቮሪ ፓርክ ሰፈር ወይዘሮ ሱሀይላ ኑሪ የምትባል የስልጤ ተወላጅ ትኖር ነበር፤ ባሏ ከሞተባት ስድስት ዓመት የሆናት፣ ዱቄትና ዘይት በምትሸጥባት፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ የምትተዳደር፣ ንግግሯ አጭር፣ ቁጣዋ ግን ቶሎ የማይበርድ ሴት ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ሙደሲር ከጆሃንስበርግ ወደ ሰሜን የአራት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ቫልክሉፍ በተባለች የገጠር ወረዳ፣ ማማ ፊቤ ማሼጎ በተባሉ የሀገሬው ባልቴት ግቢ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ይኖር ነበር። ሙደሲር ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ሳይወጋ ውሎ ማደር ስለማይችል እህቱ በየወሩ መድኃኒቱን ከከተማ እየገዛች ትልክለት ነበር።

ሰኞ መጋቢት ሃያ ስምንት ቀን ረፋዱ ላይ ማማ ፊቤ ደወሉ። ሱሀይላ የሀገሬውን ቋንቋ በገበያ ላይ ለምዳው ነበርና ለመግባባት አልተቸገሩም።

«ልጄ፣ ወንድምሽን ፖሊሶች ወሰዱት» አሉ ማማ ፊቤ፤ «ያለ ፐርሚት ሱቅ ከፍተሃል ብለው ነው። የመንደሩ ሰው ዳቦ ሲያጣ ጊዜ እኛው ነን ክፈትልን ያልነው ብል ማን ይስማኝ!»

«መድኃኒቱን ይዟል?»

«ደረት ኪሱ ውስጥ ሲከት አይቼዋለሁ።»

ይህ ለጊዜው አጽናናት። ወዲያው ወደ ቫልክሉፍ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች፤ ስልኩ ከብዙ መጥራት በኋላ ተነሣ።

«ሙደሲር ኑሪ የሚባል እስረኛ እኛ ዘንድ የለም» አላት ተረኛው ሳጅን።

«ፊደሉን አንድ በአንድ ልንገርዎ፤ ምናልባት ተሳስተው ጽፈውት እንደሆን...»

ነገረችው። ወረቀት ሲገለጥ ሰማች።

«የለም አልኩሽ እኮ፣ እመቤት!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ከጆሮዋ አልተለየም። የአውራጃው ፖሊስ መምሪያ ጣቢያውን ጠይቂ አላት፤ ጣቢያው ፍርድ ቤቱን ጠይቂ አላት፤ ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል። የታሳሪዎች ስም ይገኝበታል የተባለው የኢንተርኔት ገጽ ደግሞ ባለ አሥራ ሦስት አሃዝ የዜግነት መታወቂያ ቁጥር ካልገባበት አልከፍትም አለ፤ የሙደሲር የጥገኝነት ወረቀት እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ነገሩ ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ፤ ሱሀይላም «የታሰረውን ሰው መንደር ሙሉ አይቶታል፤ የት እንደገባ የሚያውቅ መንግሥት ግን የለም!» እያለች ከግድግዳው ጋር ተከራከረች።

ረቡዕ ማታ፣ ፐርሚት አውጥቶ ለገጠር ሱቆች ዱቄት ወደሚያደርሰው ወደ አቶ አቢሶ ሄደች፤ አቶ አቢሶ የሆሳዕና ሰው፣ በዕድሜ የገፋ፣ ዝምተኛ ነጋዴ ነበር።

«አቶ አቢሶ፣ የርስዎ ፐርሚት ስንት ሰው ይፈቅዳል?»

«ሹፌርና አንድ ጫኝ፣ ወይዘሮ ሱሀይላ።»

«ጫኙ እኔ ነኝ።»

አቶ አቢሶ ከላይ እስከ ታች አያት። «ጆንያው አምሳ ኪሎ ነው።»

«ወንድሜ ከዚያ ይከብዳል» አለችው፤ እርሱም ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም።

ሐሙስ ሚያዝያ አንድ ቀን ሲነጋጋ ተነሡ። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ወታደሮች አስቆሟቸው፤ ሱሀይላም መድኃኒቱን በበረዶ ከረጢት ከጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወረቀቱ ሲገለባበጥ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። እኩለ ቀን ሲሆን ቫልክሉፍ ደረሱ። ማማ ፊቤ ከጣቢያው በር ላይ በፌስታል ምግብ ይዘው ቆመዋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ አምጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ተመልሰው ነበር።

«ማንን ፈልገሽ ነው ይሉኛል፣ ልጄን ሙደሲርን እላለሁ፤ ሙደሲር የሚባል አልታሰረም ይሉኛል» አሉ።

ሱሀይላ ወደ ውስጥ ገባች። ከመስታወቱ ወዲያ በስልክ የለም ያላት ያ ሳጅን፣ ከፊት ለፊቱም ትልቁ የእስረኞች መዝገብ ነበር።

«መዝገቡን እኔ ራሴ ልየው» አለችው።

«መዝገብ ለባለጉዳይ አይታይም።»

«ታዲያ የተጻፈው ለማን ነው፣ ጌታዬ?»

«ለመንግሥት ነዋ!»

ደሟ ፈላ፤ ግን ቁጣ እዚህ በር እንደማያስከፍት ሁለቱ ቀናት አስተምረዋታል። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ «እሺ፣ ስሙን ይተዉት» አለች፤ «ከእስረኛ ላይ የተወሰደ ዕቃ የሚጻፍበት መዝገብ የለም? ሰኞ ከታሰሩት ሰዎች ማን ምን እንደያዘ ብቻ ያንብቡልኝ። ወንድሜ ኪሱ ውስጥ የኢንሱሊን መርፌ ነበረው።»

ሳጅኑ ተነፈሰ፤ ግን የዕቃውን መዝገብ ከመሳቢያ አወጣ። «ቀበቶ፣ ስልክ... ቀበቶ፣ ቁልፍ... መርፌ የሚባል የለም። ቀበቶ፣ ስልክ፣ የሱቅ ቁልፍ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ...»

«ያቁሙ! ይህን ዕቃ ያምጡልኝ፤ በፈጠረዎት አምላክ!»

ከግምጃ ቤቱ የታሸገ ፖስታ መጣ። ሳጅኑ ራሱ ቀዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ በቀበቶና በቁልፍ መካከል የሙደሲር የኢንሱሊን መወጊያ ወደቀ፤ በእውነትም ከሩቅ ለሚያየው ወፍራም ሰማያዊ እስክሪብቶ ይመስላል።

«ይጻፉበታ!» አለች ሱሀይላ፤ ድምፅዋ ጣቢያውን ሞላው። «እስክሪብቶ ብለው ከመዘገቡት፣ ይኸው ወረቀት፤ ስምዎን ይጻፉበት!»

ሳጅኑ መወጊያውን አንሥቶ ጫፉን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያም በዝግታ፣ ከዕቃው ጎን የተጻፈውን ስም አነበበ፤ «ታቦ ማሼጎ።»

ማማ ፊቤ ከበሩ ላይ ጮኹ። ታቦ የመንደሩ ሰው ለሙደሲር ያወጣለት ስም ነበር፤ ሰኞ ዕለት ፖሊሶቹ ወረቀቱን እንኳ ሳይጠይቁት፣ ከተሰበሰበው ሰው «ይህ ማን ነው?» ሲሉ «ታቦ» ተባሉ፤ «የማን ቤት?» ሲሉም «የማሼጎ» ተባሉ፤ እንደዚያው ጻፉት።

«አሁን የት ነው?» አለች ሱሀይላ።

ሳጅኑ የእስረኞቹን መዝገብ ገለጠ፤ ጣቱ አንዱ መስመር ላይ ቆመ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ራሱን ስቶ ተገኝቷል፤ ወደ አውራጃው ሆስፒታል ተልኳል።» ቀና ብሎ ሳያያት ጨመረ፤ «መድኃኒቴን ስጡኝ ብሎ ነበር አሉ። እዚህ የገባ ሁሉ ታምሜያለሁ ይላል፣ እመቤት።»

ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር። ሱሀይላ የወንድሟን የጥገኝነት ወረቀት ቅጂና ያመጣችውን መድኃኒት በበሩ ለአንዲት ነርስ ሰጥታ፣ ስሙንና የሚወስደውን መድኃኒት መጠን ነግራ፣ ከአቶ አቢሶ ጋር መኪናው ውስጥ አደረች፤ በማግስቱም አደረች። ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ ብቅ ብላ «ነቅቷል፤ 'እትዬ መጥታለች ወይ' እያለ ነው» አለቻት። ሱሀይላ ያን ጊዜ ነበር፣ ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ተደፍታ ያለቀሰችው።

ሙደሲር ተረፈ፤ ኩላሊቱ ግን ተጎዳ። አዲሱ ዓመት ገብቶ አውሮፕላን መብረር ሲጀምር ወደ ትውልድ ሀገሩ ወደ ወራቤ ተመለሰ። ሱሀይላ ግን አልተመለሰችም፤ በወንድሟ ላይ የደረሰው በደል በትክክለኛ ስሙ እንዲመዘገብ፣ መድኃኒቱን የቀሙት ሰዎችም እንዲጠየቁ ለፖሊስ መምሪያው ሦስት ጊዜ አቤት አለች። በኅዳር ወር መልስ መጣላት፤ ሙደሲር ኑሪ የተባለ ሰው በቫልክሉፍ ጣቢያ ታስሮ እንደማያውቅ፣ ስለዚህም አቤቱታው መሠረት የሌለው መሆኑን በማኅተም ያረጋገጠ ደብዳቤ ነበር። በዚያው ሰሞን ፖሊሶች የማማ ፊቤን በር አንኳኩተው፣ ታቦ ማሼጎ የተባለው ልጃቸው ፍርድ ቤት ባለመቅረቡ የመያዣ ትእዛዝ እንደወጣበት ነገሯቸው።

«ኑና ፈልጉት» አሏቸው ማማ ፊቤ፤ «የወለድኳቸው ሁሉ ሴቶች ናቸው።»

የዚያን ዘመን ነገር የሚጽፉ ሰዎች ስንት ሺህ ሰው እንደታመመ፣ ስንት ሺህ ሰው ሕግ ተላልፏል ተብሎ እንደታሰረ ከመንግሥት መዝገብ ቆጥረው ይነግሩናል፤ ቁጥሩም ሐሰት አይደለም። በዚያ ቁጥር ውስጥ ኖሮ የማያውቀው ታቦ አንድ ተብሎ ተደምሯል፤ ሦስት ቀን በሲሚንቶ ወለል ላይ ውኃ እየጠማው መድኃኒቱን የለመነው ሰው ግን፣ እህቱና አንዲት ባልቴት ከሚያስታውሱት በቀር፣ የትም አልተጻፈም።