ርካሹ ኢንሹራንስና የደረጃው ብናኝ

እትዬ አግላያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ቡካሬስት በዚያ ማለዳ ለጥቂት ሰከንድ ተንቀጥቅጣ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ «ምድር ገደለቻቸው» ብሎ ወስኖ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ለማመን መቸኮል ያናድደኛል። ምድር በከተማችን ብዙ ሰው ገድላለች፤ ያልሠራችውን ግን ለምን ትሸከም?

ኢንስፔክተር ሳቪና ድራጎሚር አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ከጣሪያው የረገፈ የኖራ ብናኝ የአሮጊቷን ጥቁር ሹራብ አንጥቶታል። ትከሻቸውን ቀና አድርጋ ከሥራቸው ያለውን ድንጋይ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ መግቢያው ወረደች። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አራት የወረቀት ጥጎች በእስፒል እንደተሰኩ ቀርተዋል፤ መሐሉ ተገንጥሏል።

«እዚህ ምን ነበር?» ስትል ላቪኒያን ጠየቀቻት፤ አንደኛ ፎቅ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት።

«እትዬ አግላያ ትናንት የለጠፉት። የሦስት ኩባንያ የቤት ኢንሹራንስ ዋጋና ቤት ሲፈርስ ምን እንደሚከፍሉ አወዳድረው። ዛሬ ሁላችንም ርካሹን ልንፈርም ነበር።»

«ጠዋት ምን ሰማሽ?»

«ድብ የሚል ድምፅ። ትንሽ ቆይቶ አምፖሉ ተወዛወዘ፤ ልጆቼን ይዤ በሩ ሥር ቆምኩ።»

የሕንፃው አስተዳዳሪ ሴቬር ሳይጠየቅ ጀመረ። «በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ቤቱ ሲንቀጠቀጥ ከክፍላቸው በርረው ወጡ፤ እግራቸው ሸርተት አለ።»

«በደረጃው ሮጡ?»

«ነፍስ አይደል እንዴ? ማን አይሮጥም?»

ፎርሙን ይዞ የመጣው የኢንሹራንስ ሻጭ ቲቤሪዩ ላቡን ይጠርጋል። «እኔ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ነው የደረስኩት። ርካሹ የኛ ነው፤ ቀይ ምልክት ላለበት ቤት ግን ሰባራ ሳንቲም አንከፍልም። ውሉ ላይ አለ። ጋሼ ሴቬር ምልክት የለብንም ብለው ፈርመውልኛል።»

ሳቪና ደጅ ወጣች። ማዘጋጃ ቤቱ በመንቀጥቀጥ ቀድመው ይወድቃሉ ባላቸው ቤቶች ላይ ቀይ ክብ ሰሌዳ ይሰቅላል። እዚህ በር ራስ ላይ አራት የቡሎን ቀዳዳዎችና ከግድግዳው ይልቅ የነጣ ክብ ብቻ ነበር።

ሁሉንም መግቢያው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጎረቤቶች እንደነገሩኝ እትዬ አግላያ ከብዙ ዓመት በፊት በደረሰው ትልቅ መንቀጥቀጥ ባላቸውን ያጡት ደረጃ ላይ ነው። የዚህን ቤት ልጆች ሁሉ ‹ደረጃ ቀድሞ ይወድቃል፣ በር ሥር ቁሙ› እያሉ ያስተማሩ ሴት ደረጃ አይሮጡም። ደግሞ ብናኙ ጀርባቸው ላይ ነው፤ ከሥራቸው ያለው ድንጋይ ንጹሕ ነው። ኖራው ሲረግፍ ወድቀው ነበር። ላቪኒያም ድምፁን የሰማችው አምፖሉ ከመወዛወዙ በፊት ነው። ታዲያ ጋሼ ሴቬር፣ የሞተ ሰው ሲሮጥ እንዴት አዩ?»

ሴቬር ወደ ኋላ አፈግፍጎ እጁን ኪሱ ላይ ጫነ።

«ወረቀቱን ሲገነጥሉ እትዬ አግላያ ደረሱብዎት። በር ለበር ሊናገሩ ደረጃውን ሲወጡ ተከተሏቸው። » አብሯት ወደ መጣው ፖሊስ ዞረች። «ኪሱን ፈትሽ።»

ፖሊሱ አራት ጥጉ የጎደለ ወረቀት አወጣ። ከሥሩ በአዲስ ቀለም «ቀይ ምልክት ነበረብን፤ ርካሹ አይከፍለንም» የሚል ተጨምሮበታል።

«መግፋት አልፈለግኩም!» ሴቬር ጮኸ። «ሁለት ክፍል ልሸጥ ነው፤ ቀይ ምልክት ያለበትን ቤት ማን ይገዛል?»

«ልጆቼ ፍርስራሽ ላይ ቢቀሩ ማን ሊከፍለኝ ነበር? አንተ ነህ?» ላቪኒያ እጇን አነሳችበት።

«በይ ምቺኝ! ቀዩን ሰሌዳ ከነቀልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በየቀኑ ከሥሩ ትገባላችሁ። አንድ ሰው ጠየቀኝ?»

የላቪኒያ እጅ ወረደ።

«ሰሌዳው እንደሌለ አይቻለሁ» አለች። «እትዬ አግላያ ‹ማዘጋጃ ቤት አብረሽኝ ሂጂ› ብለውኝ ነበር። ምልክቱ ከተመለሰ ዋጋው ይወደድብናል፣ ዝም ይበሉ አልኳቸው።»

ሳቪና ሌሎቹን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ተመለከተች። ዓይኗን የተቋቋመ አንድም ሰው አልነበረም።