የሞሴሴ ደፍ

ቤት ሲፈርስ የሚጀምረው ከጣራው ነው ወይስ ከመሠረቱ? የሴሚሲ ቤት የፈረሰው ከደፉ ነው።

ሴሚሲ በቶንጋ የአንዲት ባሕር ዳር መንደር ሹም ነበር። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሴት ልጁን ሎሎሄያንና ወንድ ልጁን ሞሴሴን እንደ አባትም እንደ እናትም ሆኖ ያሳደገ፣ ሲቆጣ ድምፁ እስከ ሦስተኛው ቤት የሚሰማ፣ ሲከፋው ግን ጓሮ ሄዶ ከአሳማዎቹ ጋር የሚያወራ ሰው። በአገሩ ልማድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር አያድሩምና ሞሴሴ የሚኖረው ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ነበር። እህት ደግሞ የወንድሟን ደፍ አትረግጥም። ነውር ነው።

ስለዚህ ሎሎሄያ ምግቡን ደፉ ላይ ታስቀምጣለች፣ ሁለቴ ታስላለች፣ ትሄዳለች። ፍቅራቸው የሚመላለሰው በሳህን ነበር። ሳህኑ ታጥቦ ሲመለስ ቁራጭ ወረቀት አይጠፋበትም። "ይሄን ጎደሬ ቀቅለሽዋል ወይስ አስፈራርተሽዋል?" ይላል ወረቀቱ። በማግስቱ ከነአፈሩ ጥሬ ጎደሬ ታስቀምጥለታለች። እሱም አፈሩን አጥቦ ጥሬውን ይመልስላታል።

አይስ የሚሉት አደንዛዥ ዕፅ መንደሩ ሲገባ ሴሚሲ በስብሰባ ተነሳና፣ "ሕጉ ይጥበቅ፤ የገዛ ልጄ ቢሆን እንኳ በእጄ አስረክበዋለሁ" አለ። ተጨበጨበለት። ሕጉም ጠበቀ፣ እስራቱም ረዘመ። አይሱ ግን ስብሰባ ስለማይመጣ አልሰማም። በወደቡ መንገድ አንድ ሻጭ ሲታሰር የአጎቱ ልጅ ይተካል፤ የአጎቱ ልጅ ሲታሰር አማቹ። የጠፉት ድሮ አደባባይ ላይ ሲያጨሱ ተገኝተው በጆሯቸው እየተጎተቱ ወደ ቤት የሚመለሱት ልጆች ብቻ ናቸው። ጠፉ ማለት ተዉ ማለት አይደለም። በር ዘጉ።

ሞሴሴም በር ከዘጉት አንዱ ሆነ። ሳህኑ ሳይነካ መመለስ ሲጀምር ለሎሎሄያ ገባት። ግን ምን ትበል? እህት ወንድሟን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቋ ሌላ ነውር ነው። ለአባቷስ እንዴት ትንገረው? አስረክባለሁ ብሎ በመንደሩ ፊት የማለ ሰው ነው። ቀን ሳህኑን ታመላልሳለች፤ ሲመሽ ትራሷ ላይ ታለቅሳለች።

አንድ አርብ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ "እህትዬ፣ ልተወው ነው። ብቻዬን ግን አልቻልኩም። እሁድ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እነግረዋለሁ፤ አብሬው እበላለሁ። እንዳያስረክበኝ ጎደሬውን አለስልሽለት።" ሎሎሄያ ሳቀች፣ ቀጥሎም አለቀሰች፣ ቀጥሎም ከማሳው ትልቁን ጎደሬ ቆፈረች።

እሁድ መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እሷ ምድጃውን ልትጠብቅ ቀርታለች። ከጎጆው የሚወድቅ ነገር ድምፅ ሰማች። ምስኪኑ ሞሴሴ አባቱን የሚጋፈጥበት ድፍረት ፈልጎ ነበር… ድፍረቱን የፈለገው ግን ሊተወው ካለው ነገር ዘንድ ነው።

"ሞሴሴ? ልግባ?"

"አትግቢ… ነውር ነው። አባባን ጥሪው።"

"አምቡላንስ ልጥራ?"

"ፖሊስ ተከትሎት ይመጣል። አባባ ራሱ ነው ያለው።"

ስልኩን አነሳች፣ አምቡላንስ ጋ ደወለች፣ ሳይነሳ ዘጋች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። አባቷ ሕዝቡ ፊት ቆሞ እየጸለየ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብትጠራው ወንድሟን በገዛ አፏ ማስረከቧ አይደለም? እንዳያስሩት ብላ በሩ ላይ ቆመች። ጸሎቱ አለቀ፤ መዝሙር ተጀመረ። አንዱን መዝሙር ጠበቀች። ሁለተኛውንም ጠበቀች። አይ ሎሎሄያ፣ ያንን ሁለተኛውን መዝሙር ምነው ባልጠበቅሽው!

ሴሚሲ እየሮጠ ገብቶ ልጁን ሲያቅፈው ሞሴሴ ዓይኑን ገለጠ።

"አባባ፣ ታስረክበኛለህ?"

"ለማንም አልሰጥህም፣ ልጄ። ለማንም።"

ግን የወሰደው ሌላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም።

በቀብሩ ዋዜማ ሬሳው ጎጆው ውስጥ በምንጣፍ ላይ ተጋደመ። ራስጌው የሚቀመጡት የአባቱ ታላቅ እህት አክስት ካሎላይኔ ናቸው፤ የአባት እህት ቃል ደግሞ አይመለስም። ሴትዮዋ ተነሱና ደጅ የቆመችውን ሎሎሄያን ጠሩ።

"ነይ፣ እኔ ቦታ ተቀመጪ።"

"አክስቴ፣ ነውር ነው እኮ።"

"ነውሩን ለኔ ተይው። የሚከለክለኝ ካለ ይነሳ።"

ማንም አልተነሳም። ሎሎሄያ ደፉ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ሁለቴ አሳለች። ከዚያ ገባች።

በቀጣዩ ስብሰባ ቅጣቱ ይበልጥ ይክበድ የሚል እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ። ሴሚሲ እጁን ሳያወጣ ተነሳ። "ልጄ ሊነግረኝ ነበር" አለ። "ያስፈራው አይሱ አይደለም። እኔ ነኝ።" በዚያ ቀን ማንም አላጨበጨበም፤ ሁለት እናቶች ግን ሲወጣ ተከትለውት ሄዱ።

ዕጣ ነው ይላሉ ሰዎች። ይሆናል። ግን ዕጣ ስንት ጊዜ በሰው አንደበት ይናገራል? ሴሚሲ የሞሴሴን ጎጆ በር ነቅሎ ለአሳማዎቹ አጥር አደረገው። እሁድ እሁድ በር የዘጉ ልጆች እዚያ ይመጣሉ፤ ስም አይጠየቁም፤ ከሴሚሲ ጋር ይበላሉ። ሎሎሄያ ሳህኑን ይዛ እስከ ውስጥ ትገባለች። ጎደሬው ግን፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ዛሬም በደንብ አይበስልላትም። ሴሚሲ እያለቀሰ ይጨርሰዋል።