በዋስትና የተጠገነው ሽጉጥ

ሰውየው ቼሪ እየመረጠ ነበር። ቀና አላለም።

«ይኮመጥጣል?» አለች ኔዳ።

«ላይ ላዩ ነው የሚኮመጥጠው። ከሥር ያለውን ውሰጂ።»

የወረቀት ከረጢቱን ተቀበለችው። ከቼሪው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን ነገር ጣቷን ነካው። በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ ገበያ ውስጥ ሰው ከሰው እየተጋፋ ያልፋል፤ አንዲት ሴትዮ በቃሪያ ዋጋ ከነጋዴው ጋር ትሟገታለች። ሁለቱን ልብ ያላቸው አልነበረም።

«መምቻ መርፌ ናት» አለ ሰውየው። «ትንሽ አጥራለች። በዓይን አትለይም። መዶሻው ሲመታት ጥይቱን ትነካዋለች፣ ግን አታስነሳውም። የስታመን ጠባቂ የዛፕሪያን ሽጉጥ ውስጥ ትገባለች።»

«ለምን?»

«ሐሙስ ፖሊስ ስታመንን መንገድ ላይ ይይዘዋል። ዛፕሪያን ሽጉጥ መምዘዙ አይቀርም። ከተኮሰ አንድ ፖሊስ ይሞታል፤ እሱንም በጥይት ወንፊት ያደርጉታል። ካልተኮሰለት እጁን ሰቅሎ ይተርፋል።» አንድ ቼሪ አፉ ውስጥ ጣለ። «እያዳንሽው ነው፣ ድርጭት።»

ድርጭት በስለላ መሥሪያ ቤቱ የሚስጥር ስሟ ነው። የሰውየው ደግሞ አናጢው ነው። መዶሻ ይዞ የማያውቅ፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ የጸዳ አናጢ። ትእዛዝ የምትቀበለው ከእሱ ብቻ ነበር። ፍሬውን በመዳፉ ተፍቶ በሕዝቡ መሀል ጠፋ።

ኔዳ የባልካር ሽጉጥ ፋብሪካ የዋስትና ጥገና ክፍል ውስጥ ከገባች ግማሽ ዓመት አልፏታል። ሥራውን በውል ተምራ ነው የመጣችው፤ ጥይት እየነከሰ የሚያስቸግር ሽጉጥ ዓይኗን ጨፍና ትፈታለች። የመጣችበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ስታመን ግሩኤቭ መሣሪያ እንዳይሸጥላቸው ለታገዱ አገሮች መሣሪያ በሳጥን በሳጥን እያሻገረ የከበረ ሰው ነው። ጠባቂዎቹ ሁሉ የሚታጠቁት ባልካር ነው። ሲበላሽባቸው ወደ እሷ ያመጡታል፤ ሲያመጡ ደግሞ ያወራሉ።

ከሁሉም የሚያወራው ዛፕሪያን ነበር። ከሮዶፒ ተራሮች የመጣ፣ በሩን ሞልቶ የሚገባ ግዙፍ ሰው። ሽጉጡን ያመጣው ዕለት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ዕድሉን ሲያማርር ቆየ።

«ጌታዬ ፊት አዋረደኝ እኮ! ሁለቴ ተኮሰ፤ በሦስተኛው ነከሰ። ባዶው ቀለህ ሳይወጣ እንደ ቀንድ ቆሞ ቀረ።»

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ባይ ሚንቾ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያ ክፍል የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። «አያያዝህ ይሆናል» አሉት። «የእናትህን ላም ጡት የያዝክ መስሎህ ጨምቀኸው ይሆናላ!»

ዛፕሪያን መስታወቱ እስኪነዝር ሳቀ። «የእናቴ ላም እንኳን እንደዚህ አልካደችኝም፣ ባይ ሚንቾ። ጌታዬ ጣለውና ሌላ ግዛ ይለኛል። ዋስትናው ሳያልቅ? እኔ የተራራ ሰው ነኝ፤ ዋስትና ያለውን ነገር አልጥልም።»

የተበላሸው ቀለህ ማውጫው ነበር። ጥርሱ ተሸርፏል። ፋብሪካው አዲስ ላከ፤ ኔዳ ገጠመችው። ሽጉጡ በትክክል ዳነ።

አሁን ልትገድለው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዛፕሪያን የእናቱን የእንጆሪ ማርማላታ በሁለት ብርጭቆ ይዞ መጣ። አንዱን ለኔዳ፣ አንዱን ለባይ ሚንቾ ሰጠ። ሦስቱም ወደ ጓዳ ገቡ። እዚያ አሸዋ የሞላ በርሜል አለ፤ የተጠገነ ሽጉጥ የሚሞከረው በእሱ ነው።

«ራስህ ተኩሰው» አለችው።

ካዝናውን እስኪጨርስ ተኮሰ። አንዴም አልነከሰም። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ።

ባይ ሚንቾ ሽጉጡን ወደ ብርሃኑ አውጥተው አገላበጡት፤ የዋስትናው ካርድ ላይ ማህተም መቱና «ሂድ፣ ደግሞ ጨምቀህ እንዳታበላሸው» ብለው እያፏጩ ወደ ጓዳው ተመለሱ።

«ስጠኝ፣ ባሩዱን ልጥረግልህ» አለች ኔዳ።

ጀርባዋን ሰጠችው። ሽጉጡን ፈታችው። ደህናዋን መርፌ ገፍታ አወጣች። አጭሯን አስገባች። ገጠመችው።

ደህናዋ መርፌ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ወረደች።

ሽጉጡን ስትመልስለት ዛፕሪያን ሳቁን አቁሞ ነበር። «ኔዲ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ነፍሴን አደራ ልስጠው?»

«ስጠው።»

አጉርሶ ብብቱ ሥር ሰካው። ግን አልሄደም። ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ወደ ጆሮዋ ቀረበ።

«ሪላ ተራራ ላይ በረዶው ቀድሞ ጣለ» አለ።

ሰኔ ነበር።

ኔዳ እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጠች። ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚያስተምሩት የሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። ስትነገርም ትርጉሟ አንድ ነው፤ የገዛ አለቃዬ ሸጦኛል፣ ወንድም ካለኝ ያድነኝ። ከሥልጠናው ወዲህ ሰምታት አታውቅም።

«መንገዱ ግን አልተዘጋም» አለች። መልሱ ራሱ ነው ከአፏ የወጣው።

ዛፕሪያን በረዥሙ ተነፈሰ። «አውቄ ነበር። ወደ ሥራሽ ከመዞርሽ በፊት መስኮቱን ታያለሽ። እኔም እንደዛው ነኝ።»

«ማን ነህ?»

«ወፍጮ ይሉኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታመን ቤት።»

«አለቃህስ?»

«አናጢው።»

ኔዳ ሽርጧ ኪስ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ትናንት ስታመን በስልክ ሲያወራ የዛን ሰው ድምፅ ሰማሁ። ሲስቁ ነበር። ስሚኝ፣ ጊዜ የለኝም። ሳጥኖቹ ነገ ከቡርጋስ ወደብ ይወጣሉ። መርከቧ ‹ስቬታ ፔትካ› ትባላለች። ከሱፍ ዘይት በርሜሎቹ ሥር ናቸው። በእሱ በኩል እንዳትልኪው።»

«አሁኑኑ ሽሽ! በጓሮው በር ውጣ!»

«እኔ ዛሬ ከጠፋሁ መርከቧን ይቀይሯታል። እስከ ነገ ልሸውዳቸው።» ብብቱን መታ መታ አደረገና ፈገግ አለ። «ደግሞ ምን ያስፈራኛል? ሽጉጤን ሠርተሽልኛል። ከእኔ ቀድሞ የሚመዝ ሰው እዚያ ቤት የለም፤ እነሱም ያውቁታል።»

እነሱም ያውቁታል።

ለዚህ ነበር መርፌዋ ያስፈለገችው። የሚመጣ ፖሊስ የለም። ማንም ስታመንን አይይዝም።

«ዛፕሪያን፣ ሽጉጡን መልስልኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

«አሁን! መልስልኝ፤ መርፌዋ...»

በሩ ተከፈተ።

የገባው ቱንቾ ነው፤ ሌላው የስታመን ጠባቂ። ቀኝ እጁ ኮቱ ውስጥ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ልትልክባት ነው ወይስ ሽጉጥ ልትወስድ? ጌታው መኪና ውስጥ ተቀቀለ እኮ።»

«ቅባት መቀባቱን ረስቼ ነው» አለች ኔዳ። ድምፅዋ ከፍ አለባት። «ደቂቃም አይፈጅ።»

ቱንቾ አያት። ፈገግታው ቀስ እያለ መጣ።

«ተይው እህቴ። ዛሬ ቅባት አያስፈልገውም።»

ያውቃል።

አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ነበር የሚበቃት። አይተኩስም ማለት። ነገር ግን የቱንቾ እጅ ከኮቱ አልወጣም፤ ባይ ሚንቾ ጓዳ ውስጥ እያፏጩ ናቸው፤ ከዛፕሪያን ሌላ የመርከቧን ስም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሦስቱም እዚያው ወለሉ ላይ ሲወድቁ ታያት።

ዝም አለች።

«ደህና ዋይ፣ እህት ዓለም» አለ ዛፕሪያን። ጠቀሳት። ቱንቾ ትከሻውን አቅፎ ይዞት ወጣ።

ጥቁሩ መኪና ሲንቀሳቀስ ሽርጧን እንኳን አላወለቀችም። «የመኪናዎን ቁልፍ!» ብላ ወደ ጓዳው ጮኸች። ባይ ሚንቾ ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ወርወር አደረጉላት። አሮጌዋ ሞስክቪች መኪና ሁለቴ አሳላት፤ ከዚያ ተነሳች።

በማሪትሳ ወንዝ ድልድይ ላይ አየቻቸው። በሩዝ ማሳዎቹ መንገድ ላይ አየቻቸው። ባቡር ሐዲዱን ተሻገሩ።

መዝጊያው እንጨት ከፊቷ ወረደ።

የጭነት ባቡር ነበር። ፉርጎ ከፉርጎ ተከትሎ፣ ከሰል፣ ድንጋይ፣ ከሰል። መሪውን በቡጢ መታች። በኪሷ ያለችውን ደህና መርፌ ጨብጣ ያዘች። ሁለት ጥይት ቢተኮስ እንኳን ከዚያ ድምፅ ውስጥ ማን ይሰማል? ባቡሩ አልቆ እንጨቱ ሲነሳ መንገዱ ባዶ ነበር።

በአዲስ የጎማ ዱካ ተመርታ ወንዙ ዳር የዛፎቹ ጥላ ሥር አገኘችው።

ዛፕሪያን በጎኑ ተኝቷል። ገና አልቀዘቀዘም። ሽጉጡን ከእጁ ለመውሰድ እንኳን አልፈለጉም። አፈሙዙን ወደ መሬት አዙራ ጥይቱን አወጣችው። የጥይቱ ቂጥ ላይ አንዲት ቀጭን ነጥብ አለች፤ ትንኝ የነከሰው ይመስላል። ሣሩ ላይ ደግሞ ሌላ ያልተኮሰ ጥይት ወድቋል። እሱም ላይ ያው ነጥብ።

አልተኩስም ሲለው አልደነገጠም። አውጥቶ ጥሎ ሌላ አጉርሶ እንደገና ሞክሯል፤ እንደ ሠለጠነ ሰው። ያስተማሯትን ነው ያደረገው። እሷም እንደዚያው ነበር የምታደርገው።

ዓይኑን ከደነችለት። መርፌዋን ልትቀይር ሽጉጡን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከማሳው ማዶ የትራክተር ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የሰዎች ንግግር። መርፌዋን ሳትቀይር ሽጉጡን መለሰችለትና በዛፎቹ መሀል ወጣች።

ከነዳጅ ማደያው ስልክ ሶፊያ ወዳለው ዋና ቢሮ ደወለች። በአናጢው በኩል አይደለም፤ ለጭንቅ ቀን በተሰጣት ቁጥር።

«ድርጭት ነኝ። ቡርጋስ። ስቬታ ፔትካ። ከሱፍ ዘይቱ ሥር።»

«ምንጭሽ ማን ነው?»

«ወፍጮ።»

«ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል?»

«አይችልም።»

«ገባኝ» አለ ከወዲያ ያለው ድምፅ።

መርከቧ ተያዘች። ሳጥኖቹ ተገኙ። በቴሌቪዥን ታዩ፤ ሚኒስትሩ ከፊታቸው ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ስታመን ግሩኤቭ ግን በዚያው ጠዋት አውሮፕላን ተሳፍሮ ነበር፤ የገባበት አልታወቀም። አናጢውም ስልኩ ላይ ስታመንን ያናገረው ለሥራው ብሎ እንደሆነ አስረዳ። ሌላ ሰሚ የነበረው ወፍጮ ብቻ ነው። ወፍጮ ደግሞ ሞቷል። በመኸር ወራት አናጢው ሰፋ ወዳለ ቢሮ ተዛወረ።

ኔዳን ሶፊያ ውስጥ ያነጋገረቻት ፀጉሯ የሸበተ ኮሎኔል ነበረች። ሻይ አስቀረበችላት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«አጭሯ መርፌ ሽጉጡ ውስጥ ቀርታለች?»

«ቀርታለች።»

«ጥሩ። እንግዲያው የጥገና ስህተት ነው።»

«ስህተት አይደለም። እኔ ነኝ ያስገባኋት። አናጢው ነው የሰጠኝ።»

«አንቺ የለሽም» አለች ኮሎኔሏ። ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር። «የሌለ ሰው መርፌ አያስገባም። አናጢውን ከነካን ያሠማራቸው ሁሉ ይጋለጣሉ፤ አሥራ ምናምን ቤት ነው የሚፈርሰው። ሂጂ። ሌላ ስም ተዘጋጅቶልሻል።»

ሌላው ስም ሩሴ ከተማ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር አወረዳት። መጋረጃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረች። ፀጉሯን አሳጠረች፤ ቀለሙንም ለወጠች። ደንበኞቹ ስለ ጨርቅ ይጠይቋታል፤ ትመልሳለች። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ የምትናገረው ያንኑ ብቻ ነው።

የድሮውን ስልኳን በመጀመሪያው ቀን መጣል ነበረባት። ሳትጥለው ቀረች። አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ወንዙ ዳር ተቀምጣ ሳለ ጮኸ። ለምን እንዳነሳችው አታውቅም።

«ኔዳ? ልጄ?» የባይ ሚንቾ ድምፅ ነበር። ቀጥኗል። «የት ጠፋሽ? ስንቴ ደወልኩ መሰለሽ። ከሥራ አስወጥተውኛል እኮ። በዚያ ልጅ ሽጉጥ ውስጥ አጭር መርፌ አገኘን አሉ። ለእናቱም እንደዚያው ነግረዋታል። መጥታ ነበር፣ ምንም አላለችኝም፤ ቆማ አየችኝና ሄደች። ልጄ፣ ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። በዓይናችን ፊት ተኩሶ አልነበር? ወይስ ዓይኔ ደክሟል? አንቺ ወጣት ነሽ፣ ታያለሽ። ዓይኔ ከደከመ ለምን ዝም አልሽኝ? እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። አልቀየምሽም።»

ወንዙ ላይ አንድ ረዥም ጀልባ አሸዋ ጭኖ እያለፈ ነበር።

«ተሳስተዋል አባቴ» አለች። «ኔዳ የምትባል እዚህ የለችም።»

«ይቅርታ እመቤቴ» አሉ ሽማግሌው። «ድምፅዎ የእሷ መስሎኝ ነው። ሥራ አስፈታሁዎት።»

ስልኩን ዳኑብ ውስጥ ጣለችው። ሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ ሱቁን የምትከፍተው እሷ ናትና ተነሳች። ከምሳ ወደ ሥራ የሚመለሰው ሕዝብ ወንዙ ዳር ባለው መንገድ ተጨናንቋል። መሀሉ ገባች፤ አንድ ሰውም ዞር ብሎ አላያትም።