ሳይናገር የመጣው አብራሪ

ወንዳፈረውን የወደድኩት በድምፁ ነው። መልኩን ያየሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ ደግነቱ መልኩም አላሳፈረኝም።

ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነው። ድርቁ ወደ እኛም፣ ወደ ከምባታና ሀዲያ አውራጃ ደርሶ ስለነበር፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት በትንሽ አውሮፕላን መድኃኒትና ዘር ወደ ሆሳዕና ያመላልስ ነበር። ማረፊያው ሣር ብቻ ነው። ማማ የለው፣ ተቆጣጣሪ የለው። አጋማሹ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ በውስጧ አንድ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ፊት እኔ። የመምህር ባፈና ልጅ ጵርስቅላ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ሥራዬ ማዘዝ አይደለም። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና መስኩ ላይ ከብት መኖር አለመኖሩን መናገር ብቻ ነው። አብራሪዎቹ እርስ በርስ ከመጋጨት የሚጠበቁት በአንድ ልማድ ነበር። ሁሉም ያለበትንና ሊያደርግ ያሰበውን በሬዲዮ ይናገራል፤ ሰሚ ኖረም አልኖረም ይናገራል። በእኛ መስክ ደግሞ ይህ የግድ ነው፤ መሐሉ ጉብታ ስለሆነ በአንዱ ጫፍ ያለ አውሮፕላን በሌላው ጫፍ ያለውን አያየውም። የሬዲዮዋ ቤት ከጉብታው አናት አጠገብ ስለነበረች ሁለቱንም ጫፍ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወንዳፈረው በዚህ ልማድ ቀልድ አያውቅም ነበር።

«ሆሳዕና፣ ወንዳፈረው ነኝ። ከዱራሜ እየመጣሁ ነው። አንድ ጊዜ ዞሬ ከከተማው በኩል አርፋለሁ።»

«ነፋሱ ከምሥራቅ ነው። ሁለት በሬዎች ነበሩ፣ ተባረዋል።»

«በሬዎቹን ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። በዚያ ዘመን በሬዲዮ የግል ወሬ ማውራት ያስጠይቃል፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም። ስለዚህ ፍቅራችን በነፋስና በከብት ወሬ አደገ። መጀመሪያ የጭነቱን ወረቀት ተሸካሚዎቹ ያመጡልኝ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሲያርፍ ራሱ ሊያስፈርመኝ ይመጣ ጀመር። አንዲት ፊርማ ግማሽ ሰዓት ትፈጅብን ጀመር። ብዙ አናወራም፤ እሱ እጄን ያያል፣ እኔ የማየው ወረቀቱን ነው እያልኩ እሱን አያለሁ።

ታዲያ ይህ ጠንቃቃ ሰው አንድ እሑድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከረባት አስሮ ብቻውን አባቴ ቤት ከች አለ። ሽማግሌ የለ፣ መልእክት የለ። ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

«ጋሼ ባፈና፣ ልጅዎን እንዲሰጡኝ ነው የመጣሁት» ሲል ከጓዳ ሰማሁት።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ደርግ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችንን እስኪያሽግ ድረስ መሪዋ ነበር፤ ሳይጮህ መቆጣት ያውቅበታል።

«ልጄ፣ ሰው የለህም?»

«ወላጆቼ ደብረ ማርቆስ ናቸው። መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ...»

«ሃይማኖትህንም አገርህንም በኋላ እናየዋለን። ብቻውን ለመጣ ሰው ግን ልጅ አይሰጥም። ነገ ብትበድላት ማንን ልጠራ ነው?»

የአጥሩ በር ላይ ደረስኩበት። እሱ አፍሯል፣ እኔ ነድጃለሁ።

«ሰማይ ላይ ለባዶ ተራራ እንኳ መጣሁ የምትል ሰውዬ፣ ምድር ላይ እንዴት ዝም ብለህ ትገባለህ?»

«ወድጄሽ ነዋ!»

«መውደድህን አውቃለሁ። ታገቢኛለሽ ወይ ብለህ ግን ጠይቀኸኛል?»

«እምቢ ማለትሽ ነው?»

«ጠይቀኸኛል ወይ ነው ያልኩህ!»

ጆሮው ቀልቶ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ኃይለ ማርያም መስኩ ላይ ነበሩ። ተምች ለማጥፋት መድኃኒት የሚረጨውን አውሮፕላን የሚያበሩ አንጋፋ ሰው ናቸው። እንደ ልማዱ ተናገሩ፤ ከከተማው ጫፍ ወደ ምሥራቅ እነሳለሁ አሉ። ነፋሱን ነገርኳቸው። ወንዳፈረው በዚያ ሰዓት ከዱራሜ መምጣት ነበረበት፤ ሬዲዮው ግን ጭጭ ብሏል። ቀርቷል ብዬ ከፋኝ።

የአቶ ኃይለ ማርያም አውሮፕላን መንደርደር ሲጀምር ሌላ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ወንዳፈረው ከምሥራቁ ጫፍ፣ ሳይዞር፣ ሳይናገር፣ ቀጥ ብሎ ሊያርፍ ዝቅ ብሏል። ጉብታው መሐላቸው ነው። አይተያዩም።

ማዘዝ ሥራዬ አልነበረም። አዘዝኩ።

«አቶ ኃይለ ማርያም፣ ያቁሙ! ወንዳፈረው፣ ከፍ በል! ከጉብታው ማዶ አውሮፕላን እየመጣብህ ነው!»

አቶ ኃይለ ማርያም ከጉብታው ሥር አቧራ አስነስተው ቆሙ። ወንዳፈረው የቤቴን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠ በላዬ አለፈ። በመስኮት ፈለግሁት፤ አላየሁትም።

«ወንዳፈረው፣ የት ነህ?»

«ከመስኩ በላይ ነኝ። ወደ ግራ እየዞርኩ ነው።» ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አቶ ኃይለ ማርያም ሲናገሩ ከተራራው ጀርባ ስለነበርኩ አልሰማሁም። እኔ ግን መናገር ነበረብኝ። ካንቺ ጋር ላለመነጋገር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህን የተናገረው ሁሉም በሚሰማው መስመር ላይ ነው። ማንም ይስማ፣ ግድ አልሰጠኝም፤ በሕይወት አለ።

እንዳረፈ መጀመሪያ የሄደው ወደ አቶ ኃይለ ማርያም ነው። ፊታቸው ቆሞ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ለአለቆቼ ራሴ እጽፋለሁ። ከበረራ ያግዱኛል።»

«ጻፍ። ኩርፊያህ ሰው ሊገድል ነበር!» አልኩና አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተቆጥቼው አላውቅም።

«ጵርስቅላ፣ ታገቢኛለሽ?»

«ሰው ልከህ አባቴን አስጠይቅ። የእኔን መልስ ያን ጊዜ ትሰማለህ።»

አንድ ወር ታገደ። በወሩ መጨረሻ አባቱ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሦስት ቀን ተጉዘው መጡ። ሁለተኛውን ሽማግሌ ግን ማንም አልጠበቀም፤ አቶ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ወንዳፈረው በር ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ፣ የመጣንበት እሺ ሳይባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ልጁን በምን ያውቁታል?» ሲል አባቴ አቶ ኃይለ ማርያምን ጠየቀ።

«ሊገድለኝ ነበር።»

የወንዳፈረው አባት አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጓዳ ሆኜ፣ በቃ አለቀልን አልኩ።

«ሌላ ሰው ቢሆን በነፋሱ ያመካኝ ነበር» ብለው አቶ ኃይለ ማርያም ቀጠሉ። «ይህ ልጅ ግን ሳልጠይቀው ጥፋቴ ነው አለኝ፤ በገዛ እጁ ጽፎ ራሱን አስቀጣ። ያጠፋውን የማይደብቅ ሰው ነው። እኔ ሴት ልጅ ቢኖረኝ እሰጠው ነበር።»

አባቴ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል ብዬ ስጠብቅ ስሜን ጠራ።

«ጵርስቅላ፣ እስቲ ነይ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ስትጠየቅ አይቼ አላውቅም። አንገት መድፋት፣ አንተ ታውቃለህ ማለት ነበር ወጉ። እኔ ግን ቀና ብዬ በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ አየሁት።

«እሺ ብያለሁ!» አልኩ፤ ከአጥር ውጭ እስኪሰማ።

የደብረ ማርቆሱ አባት ደንግጠው ቀና አሉ። አባቴ ግን ባዶ ወንበር ወደ እሳቸው አስጠጋና፣ «ሰማችሁ አይደል? እንግዲህ ቁጭ በሉ» አላቸው።