አባቴ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቋት ልጅ

ፈጠራ ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም በሌላ ሰው ቢደርስ እስቅ ነበር።

ግን ደርሶብኛል... ባለፈው ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ በምሠራበት ላብራቶሪ። ፀሐይ በመስኮቱ ፏ ብላ እየገባች።

ነጻነት እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አላውቅም፤ ስለ ሴል የማውቀውን ሁሉ ራሴ አንብቤ ነው ያወቅኩት። ባለዲግሪዎቹን በነገር ስወጋ ማን ይችለኛል!

ይሄን የምጽፈው ግን አንገቴን ደፍቼ ነው።

አባቴ ካሳው ለምርምሩ ከክንዳቸው ትንሽ ቆዳ ሰጥተዋል። ያን ዕለት ከሚኖሩበት ከቂርያት ዔቅሮን የመጡት ሴሎቻቸውን ሊያዩ፣ ከዚያም ሰንበት ሳይገባ አብረን ወደ ቤት ልንሄድ ነው።

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ።

«እኔ ነኝ ይሄ?» አሉ በሹክሹክታ።

«እርስዎ ነዎት አባባ። ከቆዳነት መልሰን ገና ምንም ያልሆኑ አደረግናቸው።»

«ታዲያ ምን ይሆናሉ?»

«የተነገራቸውን። ከውጭ ምልክት ይመጣል። ምልክቱ እየተቀባበለ ውስጥ ድረስ ይዘልቅና ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉትን ፕሮቲኖች ይቀሰቅሳል። እነሱ አንዱን ጂን ይከፍታሉ፣ ሌላውን ይዘጋሉ። ልብ ሁን ከተባለ ልብ ይሆናል።»

«ቢጸጸትስ?»

«አንዴ ከወሰነ በራሱ አይመለስም።»

«እንደ እናትሽ በይኛ!»

ከዚያ ሴሎቹ ወዳሉበት ሳህን ጠጋ ብለው ጮክ አሉ። «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ!»

ልክ ያኔ አለቃዬ ኢንባር እንግዶች ይዛ ገባች። እንግዶቹ ተያይተው ፈገግ አሉ...

ፊቴ ጋለ።

«አባትሽ ናቸው?» አለች ኢንባር በዕብራይስጥ።

«ሎ፣ አይደሉም። ቆዳ የሰጡን ሰውዬ ናቸው።»

አባቴ ዕብራይስጥ አሳምረው ይሰማሉ።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ግን የሆነ ነገር... ተዘጋ።

እንግዶቹ ሲወጡ እጃቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ያላ፣ እንሂድ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። ክንዳቸው ላይ ቆዳ የሰጡበትን ጠባሳ አሳዩኝ።

«ጨረሳችሁ? ሐኪሟ እርስዎ ነዎት?»

ቅጣት መሰለኝ። ይገባኛል አልኩ።

«አባባ... ይቅርታ። በቃ።»

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ልጄን እየጠበቅኩ ነው። እዚህ ነው የምትሠራው።»

«እኔ ነኝ! ነጻነት!»

«ያውቋታል እንዴ?» ደስ አላቸው። «ጎበዝ ናት። ራሷን በራሷ ነው ያስተማረችው።»

በዓይናቸው ውስጥ ቂም ፈለግኩ። ምነው በተገኘ! እንግዳ የሚያይ ሰው ዓይን ነበር...

ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

የኔ ስልክ እጄ ላይ ነው። ዝም።

«ልጄ፣ የት ደረስሽ?»

ከስልካቸው ድምፅ ወጣ... የኔ ድምፅ።

«ቤሰደር፣ እሺ አባባ፣ መጣሁ።»

ሊፍቱ ተከፈተ።

አባቴ ፊታቸው በርቶ ተነሱ። የወጣችው ልጅ ጉልበታቸውን ስማ ክንዳቸውን ያዘች። ጀርባዋን ነው ያየሁት።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወደቆሙት ኢንባርና እንግዶቹ ዞረች። ጮክ ብላ፣ ኮራ ብላ...

«አባቴ ናቸው» አለቻቸው።